ዘጠነኛ የሚገባው ልጅ ነው ወይስ ወላጅ?

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ከተሰማበት ቀን ጀምሮ መስከረም ተጋምሶ ትምህርት እስኪጀመር ድረስ፣ በደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ክርክር ይዞ ይከርማል። የማዳበሪያና የጤፍ ዋጋ እንኳ ለጊዜው ወደ ጎን ይባላል። ጉዳዩ በመጀመሪያ ደረጃ በባልና ሚስት መካከል ይታያል፤ ይግባኙ ቡና ላይ ለጎረቤት ይቀርባል፤ ቀጥሎ የወሩ ጽዋ ማኅበርተኞች ጠላ እየተቀዳላቸው ይመረምሩታል፤ የማይሻረውን የመጨረሻ ፍርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከባሕር ዳር የሚደውል፣ ልጅ ያልወለደ አጎት ነው። የክርክሩ ጭብጥ «የግል ወይስ የመንግሥት?» የሚል ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ሂደት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ መጥሪያ የማይደርሰው ባለጉዳይ ተማሪው ብቻ ነው።

ለግል ትምህርት ቤት የሚቆመው ወገን ማስረጃ አያጣም፤ ማስረጃው ግን ከመማር ማስተማሩ ይልቅ ወደ ዓይን የሚገባውን ያደላል። አጥሩ በየዓመቱ ቀለም ይቀባል። ሰርቪሱ በር ድረስ መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ጥሩምባውም ልጁን ከመጥራት አልፎ፣ ልጁ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ለሰፈሩ የማሳወቅ አገልግሎት ይሰጣል። ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባልም ደብተር አለ፤ ወላጅ በየማታው ይፈርምበታል። አንዲት ጎረቤቴ ከቀበሌ እስከ ባንክ በሕይወታቸው የፈረሙት ሁሉ ቢደመር፣ በአንድ መንፈቅ ልጃቸው ደብተር ላይ ያሳረፉትን ፊርማ እንደማያህል ነግረውኛል። ምን ላይ እንደሚፈርሙ ብጠይቃቸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ልጁ ራሱ እያነበበ «ጎበዝ ነው ይላል፣ እማዬ» ብሎ እንደሚተረጉምላቸው አስረዱኝ።

ከሁሉ በላይ ግን የወላጅን ልብ የሚያሸንፈው ካርዱ ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚማር አንድ ልጅ አማካይ ውጤቱ 96 ሆኖ ደረጃው 23ኛ ሲወጣ ዓይቻለሁ። ከእርሱ በላይ ያሉት 22 ተማሪዎች በ96 እና በ100 መካከል እንዴት ተጠጋግተው እንደተቀመጡ ማሰብ ያደክማል። የልጁ አባት ብልኅ ሰው ስለሆኑ፣ ማኅበር ላይ ካርዱን ሲያወጡ ውጤቱን ጮክ ብለው፣ ደረጃውን ግን በልባቸው ያነብባሉ።

በምዝገባ ቀን ባለ ወፍጮ ጎረቤቴን አጅቤ ሄጄ ነበር። እኚህ ሰው በሩብ ኪሎ እህል ግማሽ ቀን የሚከራከሩ፣ ግብር ሰብሳቢ የሚያማርሩ፣ በሒሳብ ነገር ከቶ የማይሸነፉ ሰው ናቸው። በመስኮቱ በኩል የተሰጣቸው ወረቀት የመመዝገቢያ፣ የወር፣ የሰርቪስ፣ የደንብ ልብስ፣ የስፖርት ቱታ፣ የፈተና ወረቀት ማባዣ እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ነበረበት። ሹራቡ የትምህርት ቤቱ አርማ ስላለበት ከገበያ ቢገኝም አይፈቀድም ተባሉ፤ ይህን ዋጡት። «ልዩ ልዩ» የተባለው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሳታያቸው «ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፣ ጋሼ» አለቻቸው። ጎረቤቴ ክርክሩን ሊከፍቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዘወርም ሲሉ ከኋላቸው ተሰልፈው የሚጠብቁት የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ቃል ሳይጨምሩ ከፈሉ።

አሁን ነገሩን በቅጡ ለሚመለከት ሰው፣ የሚገዛው ምን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። መጽሐፉ ያው የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በሁለቱም ዘንድ እንግሊዝኛ ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ላይ የሚጠብቀውም ፈተና አንድ ነው። መምህሩስ? የማውቀው አንድ የባዮሎጂ መምህር አለ። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ስለ ሕዋስ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ፣ ክራባት አስሮ፣ በግል ትምህርት ቤት ለሠላሳ ተማሪ ያንኑ ሕዋስ ያስተምራል። በአንድ ቡና ላይ ሁለት እናቶች ስለ መምህራን ሲያወጉ ሰማሁ። አንደኛዋ «የእኛ የባዮሎጂ መምህር እኮ ወርቅ ነው፤ የመንግሥቶቹ ግን ምን ግድ አላቸው?» ስትል፣ ሁለተኛዋ «እውነትሽን ነው እቴ፣ የእኛዎቹ የባዮሎጂው መምህር ድምፁ እንኳ ከኋላ አይሰማም አሉ» ብላ አዘነች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያው ሰው ነበር። በኋላ ይህንን ለራሱ ለመምህሩ ባጫውተው አልተቀየመም። «ሁለቱም ልክ ናቸው። ለሰባ ተማሪ የሚበቃ ድምፅ የለኝም፤ ለሠላሳ ይበቃል። ደመወዜም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ብቻውን ለወሩ አይበቃም» አለኝ። ከግልና ከመንግሥት ክርክር ሁሉ በቁም ነገርነቱ የተቀበልሁት ይህንን የድምፅ ጉዳይ ነው፤ በሸንጎው ላይ ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቆመው ወገን ደግሞ በአመዛኙ አባት ነው፤ መከራከሪያውም ታሪክ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ለንጉሥነት ያበቋቸው፣ መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ ደብረ ማርቆስ ያሰኟት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመበት አንጋፋ ትምህርት ቤት በከተማዋ ስላለ፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት ዳኛ፣ ስንት መሐንዲስ ከዚያ እንደወጣ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መዝጊያው «እኛስ የመንግሥት ተምረን ምን ጎደለብን?» የሚል ነው። በዚህ ጊዜ ሚስት መልስ አትሰጥም፤ ቀና ብላ የሚያፈስሰውን ጣሪያ ታያለች።

አባት በዚህ የታሪክ ገለጻ ውስጥ የማያነሡት አንድ ምዕራፍ አለ፤ ፕላዝማ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ይህ ስክሪን ሒሳብና ፊዚክስ በሳተላይት ሲያስተምረን፣ የሚያስተምረው ሰው እንግሊዝኛውን ያጣድፈውና ድንገት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ እያየው «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ሳልመልስ፣ ጥያቄውም ሳይገባኝ የተመሰገንሁበት ሌላ ቦታ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ የክፍሉ መምህር ተነሥቶ በአማርኛ ያስረዳን ስለነበር፣ ከፊዚክስ ዛሬ ትዝ የሚለኝ ሁሉ መብራት በጠፋባቸው ቀናት የተማርሁት ነው።

ጎጃም የትምህርት ቤት ምርጫን ያወቀው ዛሬ አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዲማን የሚያውቅ ሰው፣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የተሻለ ቅኔ የሚነግሩ የኔታ ወዳሉበት ጉባኤ በእግሩ ሲገሰግስ እንደኖረ ያውቃል። በሰፈራችን ያሉት አንድ መሪጌታ ክርክራችንን ሲሰሙ ከርመው፣ ለምን ዝም እንዳሉ ብንጠይቃቸው፣ «በእኛ ዘመን ትምህርት ቤት የሚመርጠው ተማሪው ነበር፤ ከፋዩ ደግሞ አገሩ። ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ብሎ የቆመ ተማሪ ከየትም ቤት ቁራሽ አያጣም ነበር። እናንተ ግን ምርጫውንም ክፍያውንም ለአባት ሰጣችሁና ለልጁ የቀረው ሹራቡ ነው» አሉ። የማኅበሩ ሰው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀና ወደ ሹራቡ ዋጋ ተመለሰ።

ሸንጎው ጥቂት የተደናገጠበት ጊዜ ቢኖር የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ከዚያ በፊት ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠያየቁት አንድ መመዘኛ ነበር፤ ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለነበረ፣ የትኛው ግቢ «ለልጆች ያዝናል» የሚባለውን በጥንቃቄ ያጣሩ ነበር። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር ሐዘኔታው ከደጅ ቀረ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ሲል እንደ ድል ተቆጠረ። ያን ሰሞን በየቤቱ ያ 96 የተጻፈበት ካርድ ከመስታወት ሳጥኑ ወጥቶ መሳቢያ ገባ። ሸንጎው ግን ፍርዱን አልለወጠም፤ የግሉ ወገን «በግል ባይሆን ኖሮ ከዚህም በባሰ ነበር» አለ፤ የመንግሥቱ ወገን «በገንዘብ ያው ነው፣ በነጻ ያው ነው፤ እኛ ቢያንስ አልከፈልንም» አለ።

በእርግጥ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ደጃቸው የተዘጋባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ይህ ሁሉ የከተሜ ቅንጦት መሆኑ አይጠፋኝም። የገጠሩ ልጅ ምርጫው ሌላ ነው። ከስናን ደጋ መጥቶ ሰፈራችን ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረ። በየሳምንቱ መጨረሻ አገሩ ወጥቶ፣ እሑድ ማታ በሶውን፣ ድንቹንና ድርቆሹን በማዳበሪያ ተሸክሞ ይመለሳል። አከራያቸው ቆጣሪውን ፈርተው ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አምፖል አያስበሩም። ባለ ወፍጮው ጎረቤቴ ልጃቸው በሒሳብ 94 እያመጣ ክፍልፋይ መደመር እንዳልቻለ በአንድ የቤት ሥራ ምክንያት ሲደርሱበት፣ አስጠኚ ፈለጉ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጠቆማቸው ያንን የስናን ልጅ ነው። ስለ ክፍያ ሲነጋገሩ ልጁ ከገንዘቡ ይልቅ ካስጠና በኋላ እዚያው ሳሎን እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያጠና እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ጎረቤቴ ቆጣሪውን በዓይናቸው ገመገሙና ተስማሙ። ባለ 94ቱ በክራባት፣ አስጠኚው በነጠላ ጫማ ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት ክፍልፋይ ሲደምሩ ኖሩ፤ ይህ ግን በጽዋ ማኅበሩ ላይ አይነገርም ነበር።

የስናኑ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ሲል ያ የግል ትምህርት ቤት የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጠውና ሹራቡን አለበሰው። ፈተናው አልፎ ውጤቱ ሲመጣ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ፎቶው የበር ስፋት አክሎ በባነር ተሰቀለ። ጎረቤቴ ባለቤታቸውን ይዘው ከገበያ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩት።

«አላልሁሽም?» አሉ። «ገንዘብ የማይሠራው ነገር የለም። ይኸው፣ የግል ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ያወጣል።»

«ምነው፣ ይኼ ሒሳብ የሚያስጠናልን ልጅ አይደለም እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው።

ጎረቤቴ ጠጋ ብለው መረመሩት፤ እርሱ ነው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ልጁ ያጠናው በእርሳቸው መብራት እስከሆነ ድረስ በውጤቱ ላይ ድርሻ አለኝ ብለው በማግሥቱ ወደ ቢሮው ሄዱና ለልጃቸው ክፍያ ቅናሽ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ገንዘብ ተቀባይዋ በአክብሮት ተቀብላ አስቀመጠቻቸው፤ ትምህርት ቤቱ ባስመዘገበው ከፍተኛ ውጤት ምክንያት የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ መሻሻሉን የሚገልጸውን ደብዳቤም ከሁሉ ወላጅ አስቀድማ ሰጠቻቸው።