ላስቲኩ ይኑርልን

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋቱ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ድምፁ የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነው። «ኮምፒውተሬ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ እባክህ ናና እየው» አለ። ሄጄ አየሁት። ያየሁትን ለሰው ላለማውራት አንድ ሳምንት ታገልኩ፤ የቤተሰብ ክብር አለ። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ምስጋና ይቅደም። ላስቲክ የማይልጡ ወገኖቼን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ታውቋቸዋላችሁ። ምናልባትም አብራችኋቸው ትኖራላችሁ። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጫፉን በፕላስተር አሽገው፣ ቁጥሮቹ አልታይ ሲሏቸው ከሶፋ ተነስተው ቴሌቪዥኑን በእጃቸው የሚቀይሩት ናቸው። ፍሪጁ ከተገዛ 6 ዓመት ሆኖታል፤ የበሩ ሰማያዊ ላስቲክ ግን ዳር ዳሩ ተቀዶ መሃሉ አሁንም አለ። መኪና ገዝተው የወንበሩን ላስቲክ ሳያነሱ ሦስት ፋሲካ ያሳለፉ አሉ። ተሳፋሪው በላብ ተጣብቆ ሲወርድ «ቀስ በል፣ እንዳይቀደድ» ይሉታል። የስልካቸውን ካሜራ ላስቲክ ሳይልጡ የእህታቸውን ሠርግ የቀረጹም አውቃለሁ። ሙሽራዋ ቪዲዮው ላይ አለች ይባላል።

ትዕግሥታቸው ያስቀናል። ሌላው ሰው ዕቃ ገዝቶ ይጠቀምበታል። እነሱ ገዝተው ይጠብቁታል። ለማን? ለሚቀጥለው ባለቤት። ሰውየው ገና አልተወለደ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ሲደርስ አዲስ ዕቃ ይረከባል። በ2017 ፌስታል በአዋጅ ሲከለከል ከዘመዶቼ ሁሉ ቀድማ የደነገጠችው አክስቴ ናት። «የሶፋውንም ይወስዱታል እንዴ?» አለች። የሶፋው እንደማይነካ እስክናረጋግጥላት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ልጇ ያደገው እዚያ ሶፋ ላይ ነው። እንግዲህ አትፍረዱበት።

ይህ ልጅ የጌም ኮምፒውተር ራሴ ገጣጥሜ እሠራለሁ ብሎ ከተነሳ ሁለት ዓመት አልፎታል። ተገጣጥሞ የተሸጠ አይፈልግም። የሚገጣጥሙት ሰዎች ውስጡ ምን እንደሚከቱ አይታወቅም ይላል። ልክ ነው፤ አልከራከረውም። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ባለ 6 ኮር፣ ከዱባይ በሰው አስመጣ። የጌሙን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ከዋሽንግተን በመጣች ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በሕፃን ልብስና በቫይታሚን ብልቃጥ መካከል ተወሽቆ ገባ። ራሙን ከመርካቶ ገዛ። ሁሉም የሚገባበትን ሣጥን፣ ኬዙን፣ ከመገናኛ በታክሲ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍሎ አመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ብር ሲያልፍ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ገና አልተገዛም ነበር። ያን ሰሞን ልጁ ምግብ አቆመ። ግን ገዛው።

አንድ ሌሊት ሙሉ ሲገጣጥም አደረ። ያለ ማጋነን፣ ሥራው ያምራል። ገመዶቹ ከጀርባ ተሰብስበው ታስረዋል። ራሞቹ በትክክለኛው ቦታ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ተሰክተዋል። ብዙ ሰው ይህችን ይስታታል። አንድ ነገር ብቻ። ላስቲክ የተባለ ነገር አልነካም።

የኬዙ መስታወት ላስቲክ በውስጥም በውጭም አለ። ባለ ብዙ ቀለም መብራቶቹ ሲበሩ በክረምት ጭጋግ ከእንጦጦ የሚወርድ አይሱዙ ይመስላሉ። ግራፊክስ ካርዱ ከነላስቲኩ ነው። ፋኖቹ መሃል ላይ ያለችው ክብ ላስቲክም አለች፤ ፋኑ ሲሽከረከር አብራ ትዞራለች። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ላይ የሚገጠመው ብረት ከስሩ ሙቀት የምታስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ አለችው። ንጣፏ ላይ ላስቲክ አለ። አልተላጠም። እስከዚህ ድረስ ታገስኩ።

ከዚያ ኩለሩ ጋ ደረስን።

ኩለር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል። ስለዚህ አናቱ ላይ መዳብ ይቀመጥበታል። መዳቡ ሙቀቱን ተቀብሎ በቧንቧ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ፋኑ ይነፋዋል። ሁለት ብረት ደግሞ ሲነካካ በመሃሉ ዓይን የማያየው ክፍተት ይቀራል። እሱን ለመድፈን ቴርማል ፔስት የሚባል ቅባት ትንሽ ይደረጋል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። መዳቡ እንዳይጫር ፋብሪካው ላስቲክ ይለጥፍበታል። ላስቲኩ ላይም ከመግጠምህ በፊት አንሳኝ የሚል በቀይ ተጽፎበታል። በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ያነባል። ዲግሪ አለው።

ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣውን ትንሽ ኩለር ንቆ፣ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ የሚያህል ባለ አራት ቧንቧ ገዝቶ ነበር። ፔስቱን ፕሮሰሰሩ ላይ በጥንቃቄ ቀባ። ከዚያ ኩለሩን ከነላስቲኩ ጫነበት። ቅቤን ከነፌስታሉ አናት ላይ አስቀምጦ ጸጉሬ ለምን አልወዛም እንደማለት ነው።

ውጤቱን ተመልከቱ። ፊፋ ከፈተ። (ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል። እኛ ግን ፊፋ እንላለን፤ ስም ለመቀየር የምንቸኩል ሰዎች አይደለንም።) የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ ልብ ተጫወተ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ከለቅሶ ቤት እንደሚመለስ ሽማግሌ መራመድ ጀመሩ። ከዚያ ኳሷ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ድርግም።

የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲጠጋ ነፍሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካልሆነለት ይጠፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ሊያፈላ የቀረው ሁለት ዲግሪ ነበር።

እሱ ግን መድኃኒት ከመፈለግ አልሰነፈም። መጀመሪያ የኬዙን ጎን ከፈተ። ከዚያ የእናቱን ቬንቲሌተር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ገተረ። ከዚያ ከስሩ አየር ይገባል ብሎ ብሎኬት ላይ ሰቀለው። አክስቴ ጠበል ልርጭበት አለች። ስቀን ከለከልናት። ወደ ኋላ ሳስበው ግን ከተማከርናቸው ሁሉ ማቀዝቀዝ የሚባለውን ነገር ያነሳችው እሷ ብቻ ናት።

ባለሙያ ተጠራ። አንደኛው ሳይቀመጥ «ዊንዶው ነው» አለ። ዊንዶው ተቀየረ፤ ፎቶዎቹ አብረው ሄዱ። ሁለተኛው መብራቱ ነው፣ ስታብላይዘር ግዛ አለ። ተገዛ። ስታብላይዘሩም ከነላስቲኩ ነው። ሦስተኛው ራሞቹን ነቅሎ ጫፋቸውን በላጲስ ፈተገ። የአገራችን የኮምፒውተር ሕክምና የመጨረሻው ደረጃ ላጲስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግዜር ነው። ሰውየው ሒሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ መስታወቱን ዳሰስ አደረገና «ላስቲኩን አለመላጥህ ግን ጎበዝ፤ ከተላጠ አይቀበሉህም» አለው።

ይህችን ስሰማ ሳቄ ጠፋ።

ልጁ ይህን ፍርሃት ከእናቱ ሶፋ ብቻ አልተማረውም። ከሻጮችም ተምሮታል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ለጥፈው፣ ላስቲኩ ከተነሳ ደግሞ አናውቅህም ይላሉ። ግራፊክስ ካርድ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ሲሰካ ነው። ለመሰካት ይፈታል። ከተፈታ አይመለስም። እንግዲህ ሰው በምን ይወቀው? በማሽተት? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣን ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የሚባል ግራፊክስ ካርድ የውስጥ ሶፍትዌሩን ቀይረው፣ የ2016ቱ 1050 ቲአይ ነው ብለው መሸጥ በዓለም ገበያ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያጋልጠዋል፤ ግን ካርዱ ተሰክቶ ነው። ላስቲክ ማልበስ ደግሞ ማንም ይችላል። ሁለት ዓመት ምሳ እየዘለለ ያጠራቀመን ልጅ «ላስቲኩን እያየህ እመነኝ» ብሎ ገንዘቡን መቀበል ንግድ አይደለም። ሌብነት ነው። መመለስ የማትፈልግ ከሆነ እዚያው ፊቱ ሰክተህ አሳየው። አምስት ደቂቃ ነው። አምስት!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ኩለሩን ፈታሁት። ስነቅለው ላስቲኩ ፔስቱን ተሸክሞ አብሮ ወጣ። ቀዩ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። አንሳኝ ይላል። ልጁን አየሁት። ጣራ ጣራውን ያያል።

«አላየኸውም?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከስር ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ ነው። አንድ ቀን ስሸጠው ምንም ያልተነካ ነው እላለሁ።»

ለዚህ ምን ይባላል? እኔ የምለው አልነበረኝም። ላስቲኩን ያዝኩና ላጥኩት። ድምፁን ሲሰማ ጥርሱን የነቀልኩት ያህል ፊቱን አኮማተረ። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በሶፍት ጠረግን፤ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግን፤ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቅን። አበራነው። ፊፋ ከፈትን። አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ሙቀቱ ከ68 አላለፈም። ቬንቲሌተሩን ለአክስቴ መለስንላት። ቡና አፍልታ ጠራችን።

የመስታወቱንም ልላጥልህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እሱስ ይቆይ» አለ። «እሱ አያሞቅም አይደል?» አያሞቅም። እውነቱን ነው።

ቡናዬን ጠጥቼ ጃኬቴን ልወስድ ስመለስ መሬት ተንበርክኮ አገኘሁት። ከአልጋው ስር የኩለሩን ካርቶን ስቦ አውጥቷል። የሌሎቹም ካርቶኖች እዚያው ተደርድረዋል፤ ጫማው ቦታ አጥቶ መስኮት ላይ ነው የሚያድረው። ከቆሻሻው ቅርጫት ያወጣትን ላስቲክ በአልኮል ጠርጎ፣ በመዳፉ እያስተኛ፣ ካርቶኑ ውስጥ በነበረችበት ቦታ ሊያስቀምጣት ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። ቅር ብሎታል።

«ጫፏን አጣጥፈሃታል» አለኝ።