አልሞት ባይ ተጋዳይ

አንዴ ነካኝ። ሁለቴ አይደለም፣ አንዴ። አንገቱ ክንዴ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ከቀይ ወደ ሌላ ቀለም እየተሻገረ ነው፤ የግንባሩ ደም ሥር ተገትሯል። ያን ጊዜ መዳፉ ከምንጣፉ ተነሣና ትከሻዬ ላይ አረፈ። እኔም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው "በቃው" ብዬ ለቀቅኩት። እሱ ሆዬ ቱር ብሎ ተነሥቶ ደረቴ ላይ ጉብ አለ።

"ምነው፣ ታፕ አደረግህ እኮ!"

"አንዴ ነው የነካሁህ። ላቤን ልጠርግ ነበር።"

በእኔ ትከሻ!

ነገሩን ለማያውቁት ልንገር። ጁዶም ሆነ ጁጂትሱ የሚባለውን የትግል ስፖርት የሚለማመድ ሰው ትልቁ መብቱ እጅ መስጠት ነው። ሲታነቅ ወይም ክንዱ ሲያዝበት ባላጋራውን አለዚያም ምንጣፉን መታ መታ ያደርጋል (ታፕ የምንለው ይህንን ነው)፤ ያኛው እዚያው በዚያው ይለቃል። እጁ ከታሰረ በእግሩ ይመታል። እግሩም ከታሰረ አፍ አለው። በውድድር ላይማ ተይዞ በሕመም የጮኸ ሰው መታ ባያደርግም እንደተሸነፈ ይቆጠርበታል። የልምምድ ጓደኛዬ ይህን ሕግ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ አይጮህም፤ ያቃስታል። ሲጠየቅ "እየተነፈስኩ ነው" ይላል።

ይህቺ መታ መታ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። ቦክሰኛ በየቀኑ በሙሉ ጉልበቱ ቢማታ የሚለማመድበት ጓደኛ አይተርፈውም። እኛ ግን አንገት አንቀን፣ ክንድ ዘርግተን፣ ላብ በላብ ሆነን ስናበቃ ተሳስቀን ወደየቤታችን የምንሄደው፣ በማግስቱም ደህና ሆነን የምንገናኘው በእሷ ምክንያት ነው። እሷን አውጥታችሁ ጣሏት፤ የሚቀረው ተራ ድብድብ ነው።

አበው "ከመሞት መሰንበት" ብለዋል። ከተረቶቻችን ሁሉ እንደዚህች የምወዳት የለችም። አትፎክርም፣ አትመክርም፣ ማንንም አትወቅስም፤ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። በአልጋ ቁራኛ አንደበትም ያምርባታል፤ በዕዳ የተያዘም ይላታል፤ ክንዱ በተቃራኒው ሊታጠፍበት አንድ ጣት የቀረው ሰው ቢላት ደግሞ ለእሱ የተበጀች ትመስላለች። ምን ዋጋ አለው፣ "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የምትባል ደመኛ አለቻት። የእኔ ሰውዬ ያደገው በዚህችኛዋ ነው።

ይህን ስነግረው ብራዚላዊውን የጁጂትሱ ጌታ ኤሊዮ ግሬሲን ይጠቅስብኛል። እ.ኤ.አ. በ1951 በሪዮ ዴ ጃኔሮው ማራካና፣ ጃፓናዊው ጁዶኛ ማሳሂኮ ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ቢይዘው፣ ኤሊዮ እጅ አልሰጥም ብሎ ክንዱ ተሰበረ። ታሪኩ እውነት ነው። ጓደኛዬ ሲተርከው ግን ሁለት ነገር ይዘላል። አንደኛ፣ ያ አያያዝ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአሸናፊው ስም ነው፤ ዓለም ሁሉ "ኪሙራ" ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ ግጥሚያውን ያስቆመው ፎጣ የወረወረው የኤሊዮ ወንድም ካርሎስ ነው። ወንድሜ፣ አንተ ወንድም ይዘህ መጥተሃል? ፎጣስ? ፎጣ ቢኖርህማ ላብህን በእኔ ባልጠረግህ!

2004 ደግሞ (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው) ለክንድ ክፉ ዓመት ነበር። ዩኤፍሲ በሚባለው የድብልቅ ፍልሚያ ውድድር፣ በከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ፍራንክ ሚር የቲም ሲልቪያን ክንድ ዘርግቶ ያዘ፤ ግጥሚያው ገና 50 ሴኮንድ ቢሆነው ነው፣ ዳኛው ኸርብ ዲን ዘሎ ገብቶ አስቆመ። ሲልቪያ "ምንም አልሆንኩም!" ብሎ ተቆጣ። ክንዱ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ሲሄድ ያየው ዳኛው ነው፤ ባለቤቱ ገና ይከራከራል።

በዚያው ዓመት፣ በጁጂትሱ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ "ጃካሬ" የሚባለው ብራዚላዊ ክንዱ በሮጀር ግሬሲ ተይዞበት እጅ ሳይሰጥ ወጣ። የተጎዳ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ፣ ሰዓቱን እየሸሸ ጨርሶ በነጥብ አሸነፈ። ይህንን ታሪክ ለጓደኛዬ የነገረውን ሰው ባገኘው እወድ ነበር። አንቄ እይዘውና ሃያ ጊዜ መታ መታ ቢያደርግ "ላብህን ጨርሰህ ጥረግ" እለዋለሁ። ያ እኮ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው! የእኛው ግን የማታ ልምምድ ነው። ዋንጫ የለውም። ተመልካቹም ጥግ ላይ የጠፋ ካልሲውን የሚፈልግ አንድ ልጅ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ምንጣፍ ላይ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። በክርክር ተረትቶ ተረትቶ መግቢያ ሲያጣ "እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው" የሚለውን ታውቁታላችሁ። ቼዝ የምንጫወት አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ነበረኝ ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ እሱ መሞት አይሆንለትም። ንግሥቱ ሄዳለች፣ ፈረሶቹ ሄደዋል፣ ወታደሮቹ አልቀዋል፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ባዶ ሜዳ ላይ ሽር ብትን ይላል። "በቃ፣ ሌላ እንጀምር" ስለው "ምን ቸኮልክ? ተጫወት" ይለኛል። አንድ ማታ ሁለት ንግሥት ይዤ ንጉሡን ጥግ አስገባሁት፤ ሳይጠቃ መሄጃ አጣ። በቼዝ ሕግ ይህ አቻ ነው። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ያንን አቻ በየሄደበት እንደ ድል ይተርከዋል። ሁለት ንግሥት ያለውንና ራቁቱን የቀረውን እኩል ናችሁ የሚል ሕግ! ያወጣው ሰው ዕድሜ ልኩን እጅ ሰጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ክንድ ላይ።

ያንን የልምምድ ጓደኛዬን ክንዱን ዘርግቼ ስይዘው ክርኑ ጭኖቼ መሃል ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ከዚህ በኋላ ወገቤን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረኝ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "ተው" እለዋለሁ። ወይ ፍንክች! እንግዲህ የእሱ ክርን የእኔ ኃላፊነት ሆነ ማለት ነው። ባለቤቱ ጥሎት ሄዷል፣ ጠባቂው እኔ ነኝ። ብለቀው "አመለጥኩ" ይላል፤ አምልጦም አያውቅም። ብሰብረው ደግሞ "ማን ሰበረው?" እንጂ "ለምን መታ መታ አላደረገም?" የሚል አንድ ሰው አይገኝም። በማግስቱ እጁን በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ "አይዞህ ጀግናው" ይባላል፤ እኔን ገልመጥ ያደርጉኛል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ይህ በደል ነው። ሰው በገዛ አካሉ ቁማር እየተጫወተ መያዣውን በሌላ ሰው ስም ያስይዛል?

የቆዩት ሰዎች "ታፑን አትጠብቅ፤ እንደያዝከው አንተ ታውቃለህ፤ ልቀቅና ቀጥል" ይሉኛል። ደህና ምክር ነው፤ እያረርኩም ቢሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ከመዘርጋቱ ትንሽ ቀደም ብዬ አቆማለሁ፣ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ለቅቄ ሌላ እይዛለሁ። ሂል ሁክ የሚባለው የተረከዝ ጥምዘዛ ግን ከእሱ ጋር እርሜ ነው። የሚጠመዘዘው ተረከዝ ሆኖ የሚበጠሰው የጉልበት ጅማት ነው፤ ሕመሙ ከጉዳቱ ኋላ ነው የሚመጣው። መታ መታ የሚያደርግ ሰው እንኳ አንዳንዴ ይዘገያል፣ እንኳን የማያደርገው።

ማነቅስ? ማነቅ መቼም ክርክር አያውቅም። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሥር በደንብ ከተያዘ 10 ሴኮንድ ገደማ ይበቃል፤ ጀግናም ፈሪም እኩል ይተኛል። እጅ አልሰጥም ብሎ በሌላ ልጅ እጅ ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ። ለቀቁት፤ ትንሽ አንኮራፋ፤ ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ የጠየቀው "ሰዓቱ አለቀ?" ብሎ ነው። ተኝተህ ነበር ቢሉት ሞቼ እገኛለሁ አለ። "ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነበር።" ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቀው። እንዲህ ያለው እንቅልፍ ሲደጋገም አንጎል ይለምደዋል ብሎ የነገረው ካለ ግን ዋሽቶታል።

አሰልጣኙ ሁላችንንም ሰብስቦ ስለ መታ መታ ጥቅም ረጅም ንግግር አድርጎ ነበር። ከሁሉ በላይ ራሱን እየነቀነቀ የሰማው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ዘዴ ሲለማመድማ እንደ እሱ አሳምሮ መታ መታ የሚያደርግ የለም፤ ሁለት ጊዜ፣ ጥርት አድርጎ። ሰዓቱ ተሞልቶ "ጀምሩ" ሲባል ነው እጁ የሚረሳው።

አሁን አሁን "ጓደኛ ያዙ" ሲባል እሱ መሃል ምንጣፉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል፤ የቀረነው ሁላችን አጎንብሰን ቀበቶ እናስራለን። የታሰረውን ፈትተን እንደገና እናስራለን። ትናንት ሰው ጎደለና እሱ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። አሰልጣኙም ቀበቶውን መፍታት ጀመረ።