አተላው ሳይናወጥ

ልጁ በሕክምና የተመረቀችለት ወዳጃችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቱ እራት ጠርቶን ነበር። ልጅቱ በተወለደችበት በ1996 እ.ኤ.አ. ከተለቀመ ወይን የተጠመቀ አንድ ጠርሙስ የሜዶክ (የፈረንሳይ ወይን አብቃይ አገር) ቀይ ወይን ለዚሁ ቀን አስቀምጦ ኖሮ፣ ከሁለት ቀን በፊት ከተጋደመበት አንሥቶ ቀጥ አድርጎ አቁሞታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን አንድ እንግዳችን ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ ወደ መብራቱ እስኪዘቀዝቀው ድረስ ብቻ ቆየ።

«አተላ አለው! አተላ በአገራችን ለከብት ነው የሚሰጠው» አለ። ተበላሽቷል ባለበት አፉ ደግሞ ወዲያው «በሉ ክፈቱና ቅዱልን» ሲል፣ ወይን በአፋቸው ዞሮ የማያውቀው የወዳጃችን እናት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ።

አተላ የተባለው የወይኑ ቀለምና አፍ የሚያደርቀው ታኒን በዓመታት ብዛት ተያይዘው የሰመጡት ነው፤ ብልሽት አይደለም፣ ከተናወጠ ግን ምላስ ላይ መራራ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ የሚያልፈው እንዲታይ ጧፍ ከጠርሙሱ አንገት በታች አብርቶ፣ እጅን ሳያቋርጡ ወደ ጆግ ማንቆርቆርና የአተላው ጥቁር ጭረት አንገቱ ጋ ሲደርስ ማቆም ይገባል። ይህን ለእንግዳው ስነግረው «እንዲናፈስ ከቀትር ጀምሮ መከፈት ነበረበት» አለኝ፤ ገና ለጋ የሆነ ብርቱ ወይን አየር ቢወድም፣ ይህን ያህል ያረጀው መዓዛው በቶሎ እንደሚበን ያስተማረው የለም።

በክርክራችን መካከል ተራውን መክፈቻ ነጥቆ ሰንቅሮ ሳበው፤ ያረጀውም ቡሽ ከመሃሉ ተበጠሰ። እማማ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ደገሙለት። እህል እንኳ ቢፈስ ይለቀማል፤ በወይን ውስጥ የተፈረፈረ ቡሽ ግን በነጠላ ጨርቅ እየተጠለለ ነው የወጣው።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ጠርሙሱ ብቻ አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት የተጠበቀን ነገር ሃያ ደቂቃ መታገሥ ያቃተን ሰዎች ሆነናል፤ ቡና ቢፈላ ከአቦሉ በኋላ ቁልፍ እናንቃጭላለን፣ ቶናውን ለባለቤቷ ትተን በረካውን ማንም አይጠብቀውም፤ ሽማግሌ ሊመርቅ ቢነሣ «አባ፣ አሳጥሩልን» እንላለን። ያ እንግዳም ከጠርሙሱ ሥር የቀረውን «ለምን ይደፋል» ብሎ ለራሱ ገልብጦ ቀዳና እየተፋ ሄደ፤ እማማ «የቸኮለ…» ብለው ጀምረው ተዉት፣ ልጅቱን ለመመረቅ እጃቸውን ሲዘረጉም እሱ መኪናውን አስነሥቶ ነበር።