ተሳቢው ጭራ ላይ አትለጠፉ

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የአባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ዳገቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እያዘገመ ሲወጣ ከኋላው አምስት ስድስት መኪና ይሰለፋል። ከዚያ የአንዱ ትዕግሥት ያልቅና ኩርባ ላይ ደርቦ ይወጣል። በሾፌሩ ጠባይ ማሳበብ ቀላል ነው። እኔ ግን ጣጣው የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ተሳቢው ጭራ ላይ ሲለጠፍ ነው ባይ ነኝ።

የተለጠፈ ሾፌር የሚያየው የተሳቢውን የኋላ በርና ጭሱን ነው። የፊቱን ለማየት ወደ ግራ ብቅ ባለ ቁጥር የሌላ ሰው መንገድ ውስጥ ይገባል። 30 ሜትር ያህል ቢርቅ ግን፣ ተራራው ካልጋረደው፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በተሳቢው ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራው በኩል ከመስመሩ ሳይወጣ ያያል።

ሂሳቡን እንሥራው። 18 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ ሜዳ ላይ በ40 ይሄዳል፣ እርስዎ በ60 ይቀድሙታል እንበል። ከኋላውና ከፊቱ የሚተውት 20፣ 20 ሜትርና የራስዎ መኪና ርዝመት ሲደመር 11 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ እርስዎ ከ180 ሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ ከፊት በ60 የሚመጣውም እንዲሁ። ባዶ ሆኖ መታየት ያለበት መንገድ 370 ሜትር ግድም ነው፣ ያውም ለስህተት ምንም ሳይተርፍ። ኩርባው እስኪያልቅ 3 ኪሎ ሜትር በ40 ፋንታ በ20 ቢከተሉ የሚዘገዩት አራት ደቂቃ ተኩል ነው።

ከፍታውም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር በመቶ ያህል ያጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ፣ አምስት ሰው የጫነ አሮጌ ኮሮላ ነዳጅ ስለተረገጠ ብቻ አይታዘዝም። ማርሽ የሚቀነሰው ከመውጣት በፊት እንጂ ከተሳቢው ጎን ከደረሱ በኋላ አይደለም። የከባዱ ሾፌር በፍሬቻ «እለፍ» ቢልም መንገዱን እንጂ የእርስዎን ሞተር አያውቅም። የግራ ፍሬቻ ከሆነ ደግሞ ሊታጠፍ ይሆናል።

ቁልቁለት ላይ ጥንቃቄው ይለያል። ጭነት የያዘ ተሳቢ በከባድ ማርሽ የሚወርደው ፍሬኑ እንዳይግልና እንዳይከዳው ነው። ሁለቱም የፊት መብራቶቹ በውስጥ ስፖኪዮ ሳይታዩ ፊቱ ገብቶ ፍሬን መያዝ፣ በሌለው ፍሬን እንዲያቆም መጠየቅ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌሮችም ድርሻ አላቸው። ሰልፉ ሲረዝም ሰፊ ዳር ላይ ጠጋ ብሎ ማሳለፍ ብዙ አያስወጣም። ሁለት ተሳቢዎች ተከታትለው ሲሄዱም በመካከላቸው አንድ መኪና የሚገባበት ቦታ ይተዉ፤ አለበለዚያ የሚቀድማቸው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ለማለፍ ይገደዳል።