ዕቁባችን ለምን አጠረ?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ እኛ ሰፈር የምንጥለው የእሁድ ዕቁብ 40 ሰው ነበረው። 40 ሳምንት ማለት ነው። ዘንድሮ ወደ 20 ወረደ። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ዳኛችን አዲሱን ዙር ሊያስጀምር ሲሰበስበን ሁሉም ያነሳው አንድ ነገር ነው፤ «እስከዚያ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል?» አንዱ ጎረቤታችንማ «ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ካልሆንኩ አልገባም» አለ። በዕጣ በሚወጣ ነገር ላይ እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከኤርትራ ጋር ይነሳል ስለሚባለው ጦርነት ልጽፍ ተቀምጬ ከዕቁብ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። መጨረሻ የሚደርሰው ግን በየሳምንቱ እየጣለ የሚቆየው ሌሎቹንና መጪውን ጊዜ አምኖ ነው። ያ እምነት ሲሳሳ ዕቁቡ ያጥራል። ድሬዳዋ ላይ ጥይት አልተተኮሰም። እኛ ግን የጦርነቱን ዋጋ መክፈል ከጀመርን ቆየን።

የእህቴ ልጅ ሳቢያን ላይ የጀመረውን ቤት ሊጨርስ 30 ከረጢት ሲሚንቶ ገዛ። ከዚያ «እስቲ ሁኔታውን ልይ» አለ። ወራት አለፉ። ሲሚንቶው እዚያው በተቀመጠበት ድንጋይ ሆነ። ሰርግ ያራዘመም፣ ሱቅ ሊከፍት አስቦ የተወም አውቃለሁ። ሁሉም ሁኔታውን እያየ ነው። አብሽር መባባል የድሬ ሰው ልማድ ነው። አሁንም እንባባላለን። ድምፃችን ላይ ግን የድሮው ልብ የለም።

እንዲያው በባዶ አልፈራንም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም የሰሜኑ ጦርነት ያበቃ መስሎን ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሞቃዲሾ ተቆጣች። ድሬዳዋ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው በአንድ ግቢ የሚነገርባት ከተማ ናት። ያን ዓመት ሻይ ቤት ውስጥ ዜና ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ መግባባት ሲደረስ ተነፈስን። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የኤርትራ ነገር መጣ። በመስከረም 2018 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፈው አስመራ ለጦርነት እየተዘጋጀች ነው ሲሉ ከሰሱ። አስመራ ክሱን አልተቀበለችም። ከዚያ ወዲህ ስልካችን ላይ ጦርነቱ በየሳምንቱ «ተጀመረ» ይባላል።

የብሩም ነገር አለ፤ ሁሉንም በጦርነት ላይ ማላከክ አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ዙር መጨረሻ የደረሳቸው ሰዎች ያሰቡትን ዕቃ ሳይገዙ ቀሩ። ይህን ያየ ሰው ቀድሜ ልውሰድ ቢል አልፈርድበትም።

እናቴ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያረጀች ሴት ናት። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ታንክ ይዞ እስከ ከተማዋ ጫፍ ደርሶ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሐዲድ ተቆርጦ ባቡር ለወራት ቆመ። ባቡር ለወለዳት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ከመድፉ ይልቅ ደጋግማ የምታነሳው ከዚያ በፊት ያሉትን ሳምንታት ነው። ትናንት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች በር ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው አጠረ ትላለች። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ልጆቿን ውጭ ማስተኛት ተወች። በዚያ ሙቀት! ማንም ምንም አላላትም። ፈርታ ነው።

እኔ ራሴ የማስታውሰው 1990ን ነው። 14 ዓመቴ ነበር። ባቡር ላይ የሚሠሩ፣ ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነ ጎረቤት ነበሩን። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጦርነቱ ግንቦት ላይ ተጀመረ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። ያኔ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአገር ተባረዋል። ጋሼ የሰፈሩ ዕቁብተኛ ነበሩ። ዕጣቸው ገና አልወጣም ነበር። ዳኛው ስማቸውን ከዝርዝሩ አልፋቀም። በየሳምንቱ ይጠራል፣ በእሳቸው ፋንታ እናቴና ሁለት ጎረቤቶች እያዋጡ ይጥላሉ። ዕጣው ሲወጣ ብሩ ሳይነካ ለባለቤታቸው ተሰጠ። እሷም በኋላ በጅቡቲ በኩል ሄደች። የቤታቸው ቁልፍ ብዙ ዓመት እኛ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር።

የወደብ ጥያቄ ተገቢ ነው ከሚሉት አንዱ ነኝ። ኮንቴይነር የጫነው መኪናም ባቡሩም በደጃችን ነው የሚያልፈው። ይህን የሚያህል አገር በአንድ በር ሲተነፍስ በየቀኑ እናያለን። ግን እስከ 1990 አብዛኛው ዕቃችን በአሰብ ይገባ እንደነበር አንርሳ። ያን በር የዘጋው ጦርነት ነው። በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ስንት ዓመት ሆነው፣ አልተከፈተም። በጦርነት ወደብ ይገኛል የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ይህን ያስረዳኝ።

ባለሥልጣኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በግልጽ ንገሩን። ድርድር ካለ አለ በሉን። ከሌለም ለምን እንደሌለ ንገሩን። አንድ ቀን ስለ ሰላም፣ በማግስቱ ስለ ዝግጁነት ሲነገረን መሀሉን የሚሞላው ዩቲዩብ ነው። ከሩቅ አገር ሆኖ «ሰበር» ብሎ የሚጮኸው ሰው ልጁን አይልክም። ወሬው ግን በማግስቱ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋንና አሸዋ ገበያ ይደርሳል። ዘይት ይደበቃል፣ ዶላር ይወደዳል።

ከእኛስ? ከሁሉ በላይ የምፈራው ሰላምታችን እንዳያጥር ነው። ጎረቤትን ከየት ነህ ብሎ በዓይን መመዘን የሚጀመረው ገና ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ድሬ ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ አይተነዋል። ምልክቱን እናውቀዋለን። እንደዚያ ያለ ወሬ ሻይ ላይ ሲነሳ ዝም ማለት አይበቃም። «አቦ ተው!» ማለት ያስፈልጋል። እኔም ካሁን በፊት ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት ይቆጩኛል።

ባለፈው እሁድ 20ውን ዕጣ ለማውጣት እኛ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ከአምስቱ ውስጥ ካልሆንኩ ያለው ጎረቤታችንም መጥቶ ነበር። ወረቀቱ ተጠቀለለ። ለእናቴ ሦስተኛ ወጣላት፤ ለእሱ 20ኛ። ፊቱ ሲለወጥ ሁላችንም አየን። እናቴ ወረቀቷን ለዳኛው ዘረጋችለት።

«የሱን ለኔ አድርገው» አለችው። «እኔ የትም አልሄድም።»