ክርክር፦ እጥበት ላይ ያለ ታካሚ ስለ ወሲብ ይጠየቅ?

መነሻ ሐሳብ፦ «የኩላሊት እጥበት ክፍል ባለሙያ፣ ታካሚው ባያነሳውም ስለ ወሲብ ጤንነቱ ሊጠይቀው ይገባል።»

ነርሷ (ደጋፊ)፦ ስንፈተ ወሲብ እጥበት ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሴቶቹም በድርቀትና በሕመም ይቸገራሉ። የደም ማነስ፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛት፣ ስኳርና ግፊት የጎዷቸው ደም ሥሮችና ነርቮች፣ አንዳንዴም እንደ አቴኖሎል ያለ የግፊት መድኃኒት ያመጡታል። ታካሚው አፍሮ ዝም ይላል። ክብደቱ ሲለካ አንድ ጥያቄ ቢጨመር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሐኪሙ (ተቃዋሚ)፦ ክብደት የሚለካው የት ነው ሲስተር? አልጋው ተደርድሮ፣ አስታማሚ በቆመበት አይደለም? እዚያ «ትዳር እንዴት ነው?» የተባለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ካርዱ ላይ «ችግር የለም» ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም።

ነርሷ፦ ዝም ሲባልስ? ከፋርማሲ 100 ሚሊግራም ሲልደናፊል (የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት፣ ቪያግራ) ገዝቶ ይውጣል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መነሻው 25 ነው፤ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያልና። በእጥበት ፈሳሽ ተስቦለት ግፊቱ ዝቅ ባለበት ዕለት ከወሰደው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሙ፦ ይኸው፣ መጠኑን፣ ቀኑን፣ የልብ መድኃኒቱን ራስዎ ዘረዘሩት። ይህ ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል? በር ያለው ክፍልና የቀጠሮ ሰዓት ይፈልጋል። ታካሚው ከፈቀደ የትዳር ጓደኛውም ትገኝ።

ነርሷ፦ ግማሽ ደቂቃዋን አልለቀቋትም። ሴቶቹን ግን አንዴም አላነሱም! የወር አበባዋ የተዛባባት «አላረግዝም» ብላ ትዘናጋለች፤ ግን ልታረግዝ ትችላለች። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት እየወሰደች ካረገዘች የፅንሱ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላት ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጠውን ማይኮፌኖሌት የምትወስድ ከሆነ፣ ለማርገዝ ከመሞከሯ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሟ በሌላ ሊተካላት ይገባል። በራሷ ግን አታቁመው፤ የተተከለላትን ኩላሊት ልታጣው ትችላለች።

ሐኪሙ፦ እኔ የተቃወምኩት ጥያቄው በሰው ፊት መጠየቁን ነው። ለብቻ ከሆነ ይጠየቅ፤ ጠያቂው ግን መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ይሁን።

ነርሷ፦ አሁን ደግሞ ክርክሩ «ማን ይጠይቅ» ሆነ? ሐኪም በቀጠሮ ነው የሚያየው። በየእጥበቱ 4 ሰዓት አጠገቡ የምትውለው ነርስ ናት። በወሲብ ጊዜ ፊስቱላ (ለእጥበት የተገናኘው ደም ሥር) ባለበት ክንዱ እንዳይደገፍ፣ ማንም እንዳይተኛበት፣ የአንገቱ ካቴተር (የእጥበት ቱቦ) እንዳይሳብና ፋሻው በላብ እንዳይላቀቅ የምትነግረው እሷ ናት። ይህን ሁሉ እየነገረችው ዋናውን ጥያቄ ለምን ትዝለለው?