ማስተካከያ፦ በድሬዳዋ ሙቀት ሲሮጥ ስለሚጠጣ ውሃ

በድሬዳዋ ሙቀት ማራቶን ለሚሮጡ ባወጣነው ምክር «ባይጠማችሁም በሰዓት 2 ሊትር ውሃ ጠጡ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በስፖርት ሕክምና መመሪያዎች መሠረት ለአብዛኛው ሯጭ በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር፣ ጥማትን እየተከተሉ መጠጣት ይበቃል። ቀጭንና ዝግ ብሎ የሚሮጥ ሰው ወደ 400ው ይጠጋ።

ከወጣው ላብ በላይ የተጠጣ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ይከተላል፤ ሲከፋ አንጎል ያብጣል፣ ሊገድልም ይችላል። በጣም የሚያሳስበን ምልክቱ በሙቀት ከመጎዳት ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ረዳቱ ውሃ ጠማው ብሎ ይጨምርለታል። የተደናገረ ሯጭ ካያችሁ አታጠጡት፤ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ውሃውን ሰውነቱ ላይ አፍስሱለት፣ ወዲያው ሐኪም ጥሩ።

ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። ክብደት ከጨመረ መጠጡ በዝቷል። በማለዳ ስለመነሳት የጻፍነው እንዳለ ነው።